የወንቃ በር ቁራኞች

ወይዘሮ አትጠገብ ልየው ሽሮዋን ከማድ ቤት ወደ ሻይ ቤት ስታሻግር በየቀኑ ዓለም አቀፍ ድንበር ታቋርጣለች። ማድ ቤቷ የራይን ኅብረት ግዛት ነው፤ ሻይ ቤቷ የባሕር ማኅበር። በመካከል ያለው ደፍ፣ ዱሮ ዶሮ እየዘለለች የምትገባበት ያው የእንጨት ደፍ፣ የሁለት ኃያላን ወሰን ሆኗል። ድስቱ ደፉ ላይ ይቀመጣል። የራይኑ ፈታሽ ክዳኑን ከፍቶ አይቶ «ይውጣ» ይላል። የባሕሩ ፈታሽ ጎንበስ ብሎ አሽትቶ፣ በርበሬው አስነጥሶት፣ ዓይኑን ጠርጎ፣ «ይግባ» ይላል። ሁለቱም ፈታሾች የአክስቷ ልጆች ናቸው፤ ሥራ ላይ ግን አይነጋገሩም። የወንቃ በር ልጆች ሽሮ በተፈጥሮው ቀዝቃዛ ምግብ ነው ብለው ያድጋሉ።

የወንቃ በር ሰው ይህን ለምዶታል። ፍየሎች አፋቸው ላይ የብረት ቅርጫት ታስሮላቸው ይሰማራሉ፤ ቅጠል እንዳይቀነጥቡ ነው። ሙሽራ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ስትሄድ ሚዜዎቿ ቪዛ ይጠይቃሉ። በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱ የራይን፣ አንዱ የባሕር። ሰዉ ሁለቱንም አይቶ ሲያበቃ ቀና ብሎ ፀሐይዋን ያያል።

ነገሩ የተጀመረው በሪባን ነው። አውሮፓ ሰማዩን አጭሳ አጭሳ ስትጨርስ ሕግ አወጣች፦ ምድጃ ሊያነድ የፈለገ ሁሉ ጭሱን የሚበላለት ቅጠል ያሳይ። በአገሯ የቀረ ቅጠል አልነበረም፤ በእኛ ነበረ። ጨዋ ሰው ጓሮው ሲቆሽሽ ጓሮውን ይጠርጋል። እነሱ የጎረቤት ጓሮ ተከራዩ። የእኛም ሹሞች ካሜራ ፊት ችግኝ ታቅፈው እየሳቁ ሪባን ቆረጡ፣ ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት ፈረሙ፣ የፈረሙበትንም ብዕር በስጦታ ወሰዱ። ከዚያ አውሮፓ ራሷ ለሁለት ተከፈለች፤ የወንዝ ዳሮቹ የራይን ኅብረት ሆኑ፣ የደሴቱና የወደቡ ሰዎች የባሕር ማኅበር። ሲለያዩ ዕቃቸውን ተካፈሉ። ከዕቃው መካከል ወንቃ በር ነበረች።

ወሰኑን ያሰመሩት ወንቃ በርን አይተው የማያውቁ ሰዎች፣ በሩቅ ከተማ ሆቴል፣ ከምሳ በኋላ ነው። ማስመሪያው ቀጥ ያለ ነበር፤ አገሩ ግን ጉብታና ገደል ነው። እርሳሱ ካርታው ላይ የተወው መስመር ውፍረቱ ሲሰላ ልክ የአትጠገብን ግቢ ያህላል። ውፍረቱን ደግሞ እኩል ገመሱት፤ ግማሹ ማድ ቤቱ ላይ አረፈ፣ ግማሹ ሻይ ቤቱ ላይ።

ክፉው ነገር የመጣው ግን ከሽሮው አልነበረም። ከግቢው ራስጌ ከቆመው ዋርካ ነው።

የዋርካው ግንድ በራይን አፈር ላይ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ግን፣ ከሁሉ የወፈረውና ከሁሉ ቅጠል የበዛበት፣ ከአትጠገብ ጣሪያ በላይ ተዘርግቶ ወደ ባሕር ማኅበር ሰማይ ተሻግሯል። የራይን ኅብረት የዋርካውን ሙሉ ቅጠል አሳይቶ አንድ ታላቅ የብረት ምድጃ አነደደ። የባሕር ማኅበርም ያንኑ ቅርንጫፍ አሳይቶ አንድ የመርከብ መሥሪያ አነደደ። አንድ ቅጠል የሁለት ሰው ጭስ እየበላ መሆኑ ሲታወቅ፣ ሁለቱም ተዘረፍን ብለው ጮኹ።

በራይን ዳር ከተሞች ጎረምሶች «ዋርካችን!» እያሉ እየዘመሩ ለውትድርና ተመዘገቡ። በባሕር ማኅበር ወደቦች ዳቦ ጋጋሪዎች የቅርንጫፍ ቅርጽ ያለው ዳቦ አወጡ። ከዘማሪዎቹ አንዱም ዋርካ አይቶ አያውቅም። አንድ ትልቅ ጋዜጣ «የተደፈረው ዛፋችን» ብሎ ሥዕል አወጣ፤ ሥዕሉ የዘንባባ ነበር። ማንም ልብ አላለም።

ሰኞ ጠዋት የባሕር ማኅበር እንደራሴ ፒርስ ወደ ሻይ ቤቱ መጣ። ፒርስ ፊቱ ቀይ፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል ሽማግሌ ነው። አማርኛን የተማረው ትእዛዝ ለመስጠት ብቻ ነው።

«አንቺ ሴት፣» አለ ሳይቀመጥ፤ «እሑድ፣ ስድስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ እዚህ ቤት የለም።»

«ቤቱ የት ሊሄድ ነው?»

«ቤት አይሄድም። አንቺ ትሄጃለሽ። ቤት ይነሣል። እዚህ መተኮሻ ሜዳ ይሆናል። ለአንቺ ድንኳን አለሽ።»

እሱ ከመውጣቱ የራይኑ እንደራሴ ኡልሪኽ በማድ ቤቱ በር ገባ። ኡልሪኽ ቀጭን ወጣት ነው። አማርኛን ከአሮጌ መጻሕፍት ለቅሞ ስለተማረ፣ ሲናገር የሞተ ሰው ከመቃብር የሚያወራ ይመስላል።

«እመይቴ አትጠገብ ሆይ፣» አለ እጅ ነሥቶ፤ «እጅግ አዝናለሁ። እሑድ ቀትር ላይ ይህ ስፍራ የጦር አውድማ ይሆናል። ኅብረታችን ግን ለእርስዎ ቆላ ወርዶ ድንኳን አሰናድቷል።»

«ፒርስም ድንኳን አለሽ ብሎኛል።»

«የእኛ መስኮት አለው።»

አትጠገብ ድስት ማማሰያውን እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች። «ልጄ፣» አለችው፣ «እናትህ በሕይወት አሉ?»

«አሉ እመይቴ።»

«በድንኳን ነው የሚኖሩት?»

ኡልሪኽ ቀላ፤ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ባሏ አንማው ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ እንደተጋደመ ይህን ሁሉ ሰምቷል። አንማው ነገር ሁሉ እስኪያልፍ መጋደም የሚበቃ የሚመስለው ሰው ነው።

«የሁለቱንም ተቀበይ፣» አላት። «አንዱ ድንኳን ለኔ፣ አንዱ ለአንች። ስንት ዓመት የተመኘሁትን እንቅልፍ ልተኛበት።»

«ቀልድ አንተ! ይህ ቤት እኮ አባቴ ስንቴ ተከሶበት ያልተነጠቀው ነው።»

«አባትሽማ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ዝናብንም ቢሆን ከስሰው ያስቆሙ ነበር። አሁን ማንን ልትከሽ ነው? ለማን?»

ያን ቀን ሸክላዎቹን በጭድ መጠቅለል ጀመረች፤ ግማሹን ጠቅልላ ተወችው። የምትጠቀልለው ቤቷን መስሏት እጇ እንቢ አለ።

ሐሙስ ከሰዓት በፊት ሁለቱ እንደራሴዎች ለመጨረሻ ጊዜ ከዋርካው ሥር ተገናኙ። በአገሮቻቸው ሕግ ጦርነት የሚታወጀው፣ እንደራሴው በክርክሩ ቦታ ላይ ቆሞ ወረቀቱን በገዛ እጁ ለባላጋራው ሲያቀብል ብቻ ነው። የሚገድሉትን ሳይሆን ሥርዓቱን ነው የሚያከብሩት። ከኡልሪኽ ኋላ የራይን የጦር ማሽኖች ቆመዋል፤ ረጃጅም እግሮቻቸውን አጥፈው ስለሚዘሉ የወንቃ በር ሰው «ፌንጣ» ይላቸዋል። ከፒርስ ራስ በላይ የባሕር ማኅበሮቹ ያንዣብባሉ፤ እነዚያን «ተርብ» ይሏቸዋል።

ኡልሪኽ ወረቀቱን ዘረጋ። ፒርስ አልቀበልም ብሎ ጀርባውን ሰጠው፤ ገና በመንገድ ላይ ያሉ ተርቦች ስለነበሩት እስከ እሑድ ጠዋት ድረስ ጊዜ መግዛቱ ነው። ኡልሪኽ ተናደደ። የፒርስን ኮት ጫፍ ጨምድዶ ያዘና፣ ካነበበው መጽሐፍ ሁሉ ለቁጣ ይመጥናል ያለውን ቃል መዝዞ ጮኸ፦

«በሕግ አምላክ!»

ፌንጣዎቹ በአንድ ጊዜ እግራቸውን አጥፈው ቁጢጥ አሉ። ተርቦቹ እንደ ቅጠል ረግፈው መሬት ላይ ሰፈሩ።

ጥንት በዚህ አገር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ፣ አንዱ የሌላውን ልብስ ይዞ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተያዘው ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ያለፈ መንገደኛ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ነገሩ እስኪያልቅ ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ይቋጠራሉ። ቁራኛ ይባላሉ። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱ ልሽሽ ቢል ሌላውን ይጎትታል።

ይህን ወግ ወንቃ በር ላይ ሳይሞት ያቆዩት አውሮፓውያኑ ራሳቸው ናቸው። መሬቱን ሲካፈሉ ለነዋሪው ችሎት ማቆም ወጪ ሆኖ ታያቸው። ስለዚህ በስምምነታቸው ውስጥ «በወሰኑ መስመር ላይ ያገሩ ወግ የጸና ነው» የምትል አንቀጽ አስገቡ፤ የላም ነገር የአጥር ነገር ራሳቸው ይጨርሱት ማለታቸው ነው። ወጉንም ከሽማግሌዎች አፍ ቀድተው ለፌንጣውም ለተርቡም አስተማሩ። በአንቀጹ ውስጥ «ለነዋሪው ብቻ» የሚል ቃል አልጨመሩም፤ አንድ ቀን እርስ በርሳቸው ልብስ ይያያዛሉ ብሎ ማን ያስባል? ማሽን ደግሞ እንደ ሰው የማይመቸውን አንቀጽ መርሳት አያውቅም።

አትጠገብ በዚያ ሰዓት ጀሪካን አዝላ ከምንጭ እየመጣች ነበር።

«መንገደኛዋ ዳኛ ናት፣» አለ አንዱ ፌንጣ። ድምፁን የቀዱለት ካንድ ከሞቱ ሽማግሌ ስለነበር ጎርነን ያለና ግርማ ያለው ነው።

«ማን? እኔ? ውሃ ይዤ እኮ ነው!»

«ውሃውን ታስቀምጥ።»

«ይህች ሻይ ሻጭ ናት!» ብሎ ፒርስ ጮኸ። የገዛ ተርቡ ተነሥቶ ባርኔጣው ላይ አረፈበት። «ዳኛ ሲሰየም ድምፅ አይነሣም፣» አለው።

አትጠገብ ጀሪካኑን አወረደች። ሁለቱን ሰዎች አየች፤ ወረቀቱን አየች፤ ከቅርንጫፉ ሥር ያለውን ጣሪያዋን አየች። እሑድ ትዝ አላት። ነጠላዋን አጣፋችና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ከሳሽ ማነው?»

«እኔ ነኝ እመይቴ፣» አለ ኡልሪኽ ላብ አጥምቆት፤ «ነገር ግን እንዲያው ለአነጋገር ዘይቤ ያህል ነው…»

«ልጄ፣ ኮቱንም በዘይቤ ነው የያዝከው?»

ኡልሪኽ እጁን አየ። ኮቱን አልለቀቀም ነበር።

«ይህ ወረቀትስ?»

«የጦርነት ማስታወቂያ ነው።»

«እዚህ ይምጣ።» ወረቀቱን ተቀብላ መሬት አስቀመጠችና ጀሪካኑን ጫነችበት። ጀሪካኑ ከሥሩ ያንጠባጥባል። «ክርክሩ እስኪያልቅ ማስረጃ ነው፤ ማንም አይንካው።»

ወሬው ደርሶ የወንቃ በር ሰው ግር ብሎ መጣ። አትጠገብ ዋስ ጠየቀች። የፍየል ጌታው አያ ገበያው ዱላቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«የማነው ዋስ? የነዚህ? የፍየሌን አፍ በብረት ላሰሩት?»

«ዋስ አለ ወይስ የለም ነው ጥያቄው፣ አያ ገበያው።»

«እንግዲያው ፍየሌ ትጠየቅ። አፏ ሲፈታ ትናገራለች።»

ሳቁ ገና ሳያባራ አትጠገብ ተነሥታ የኡልሪኽን ኮት ጫፍ ከፒርስ ኮት ጫፍ ጋር ቋጠረችው። አባቷ ያሳዩአት ዓይነት ቋጠሮ ነው፤ በተጎተተ ቁጥር ይጠብቃል።

«ዋስ አልተገኘም። ቁራኛ ናችሁ። ቀጠሮ ለሰኞ።»

«እሑድ እኮ ጦርነት አለብን!» አለ ኡልሪኽ።

«ሰኞ ትነግሩኛላችሁ።»

እሑድ ስድስት ሰዓት ሆነ። በሁለቱ ዋና ከተሞች ጄኔራሎች ሰዓታቸውን እያዩ ቆሙ። ወረቀቱ ከጀሪካን ሥር ነበር፤ የሚያቀብለውና የሚቀበለው ደግሞ ዋርካው ሥር አንድ ጎመን በሁለት ማንኪያ እየበሉ ነበር። ማንም አልተኮሰም። አትጠገብ ጭድ የለበሱትን ሸክላዎች ፈትታ መልሳ ደረደረች።

ቁራኛነት ለማየት ደስ ይላል፤ ለመኖር ግን አይመችም። ፒርስ ያንኮራፋል፤ ኡልሪኽ እንቅልፍ አጥቶ የአማርኛ ግስ ሲያረባ ያድራል። አንዱ ለሽንት ሲነሣ ሌላው እየተነጫነጨ ይከተለዋል። ከጫካው ዳር ጀርባ ለጀርባ ቆመው ሲጠባበቁ የሰፈሩ ሴቶች ከምንጩ መንገድ ያዩአቸዋል፤ ለመሳቅ ግን ጨዋነት ስለማይፈቅድ ቤታቸው ደርሰው ነው የሚስቁት። ፒርስ አንድ ቀን ጢሙን ሊላጭ ክንዱን ሲያነሣ ኡልሪኽ አስነጠሰው፤ የፒርስ ግራ ሪዝ ያን ቀን ሄደ። ሰኞ ቀረቡ፤ ዋስ የለም፤ ቀጠሮ ለዓርብ። ዓርብ ቀረቡ፤ ቀጠሮ ለማክሰኞ። ፒርስ በዚያው ሰሞን «አንቺ ሴት» ማለቱን ትቶ «ወይዘሮ አትጠገብ» ማለት ጀመረ። ሻዩን የምትቀዳው እሷ ናት።

አንዱ መንግሥት ወታደር ልኮ ሰዎቹን እንዳያስፈታ፣ ሌላው «ቁራኛዬን ነጠቁኝ» ብሎ ዓለምን ያስጮኻል። ስለዚህ ሁለቱም ብልህ ነገር አሰቡ፦ ዋስ እንላክ፣ ሰዋችን ይፈታ፣ ወረቀቱን ያቀብል፣ ጦርነቱ ይቀጥል። እየተሽቀዳደሙ ሁለት ሚኒስትሮች ላኩ። ሚኒስትሮቹ ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ አቧራ ጠጥተው ደረሱ። ኡልሪኽ ያስተረጉም ነበር።

«ዋስ እንሆናለን፣» አሉ።

«እሰየው፣» አለች አትጠገብ። «ወንቃ በር ውስጥ ዘመድ አላችሁ?»

«የለንም።»

«ዘመድ የሌለው ዋስ መሬት ያሲዛል። መሬት አላችሁ?»

የራይኑ ሚኒስትር በረዥሙ ሳቀ። እጁን ከዋርካው እስከ ሸንተረሩ ዘርግቶ፣ «ይህ ሁሉ የእኛ ነው፣» አለ።

«የእኛ ነው እንጂ!» ብሎ የባሕሩ ሚኒስትር ዘሎ ተነሣ።

አትጠገብ ወደ ፌንጣው ዞረች። ፌንጣው ጉሮሮውን እንደመጥረግ አለና፣ «በክርክር ላይ ያለ መሬት ለዋስትና አይያዝም፣» አለ።

«ሰምታችኋል። የራሳችሁን ዋስ እስክታመጡ እናንተም ቁራኛ ናችሁ።» ቋጠረቻቸው።

ለሚኒስትሮቹ ዋስ ሊሆኑ የባንክ ገዢዎች መጡ፤ መሬት ጠየቀቻቸው፤ እጃቸውን ወደ ሸንተረሩ ዘረጉ፤ ቋጠረቻቸው። ለባንክ ገዢዎቹ አንድ የባሕር አዛዥና አንድ የምድር ጦር አዛዥ መጡ። የተማረ ሰው ካለፈው ይማራል ይባላል፤ እነዚህ ግን ከወንቃ በር መሬት ውስጥ የእነሱ ያልሆነ ሊኖር ይችላል የሚለውን ሐሳብ አፋቸው ሊያወጣው አልቻለም። አንዱም «መሬት የለኝም» ብሎ ሳይናገር ተራ በተራ ታሰሩ። ወር ሳይሞላ ጦርነት ለማወጅ ፊርማቸው የሚያስፈልግ ሰዎች በሙሉ ዋርካው ሥር፣ ኮት ለኮት ተቋጥረው፣ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ነበር።

«እንግዲህ አንች፣» አለ አንማው ከአግዳሚው ላይ ቀና ብሎ፤ በሕይወቱ በራሱ ፈቃድ ቀና ካለባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ነው፤ «ሌባ ላባርር ብለሽ ቤትሽ ውስጥ ሰበሰብሻቸው።»

«ታስረዋል።»

«ታስረዋል። ግን አብረው ነው የታሰሩት።»

ነገሩ የገባት ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ሻይ ይዛ ስትወጣ ከዋርካው ሥር ዘፈን ሰማች። የባሕር አዛዡና የምድር ጦር አዛዡ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ያዜማሉ። ፒርስ ለኡልሪኽ ሣርዲን ይከፍትለታል። ሚኒስትሮቹ ደግሞ በብትር መሬት ላይ መስመር ይሠራሉ። ቀስ ብለው፣ በፈገግታ፣ «ከእርስዎ ይቅደም» እየተባባሉ።

አያቶቻቸው አንድ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ አህጉር ቆርሰዋል። አህጉሩ አልተጠራም፤ ሲቆረስ ግን ቢላው የተሰማው እሱን ነው። ተጣልተው ሲዋጉ ያቃጠሉት የሰው ቤት ነበር፤ ታርቀው ሲሳሳሙም የተነጠፈላቸው ምንጣፍ የሰው መሬት። አትጠገብ ሳታውቀው ያንኑ ጉባኤ በግቢዋ ጠርታ፣ ሻይ እያቀረበች ታስተናግደው ኖሯል።

ኡልሪኽ ሲያያት ፊቱ በራ። «እመይቴ! ደስ ይበልዎ፣ ታረቅን! ግንዱ ለእኛ፣ ቅርንጫፉ ለእነርሱ። በቀጠሮው ቀን ዕርቁን ያጽድቁልንና ወደየአገራችን እንሂድ።»

አትጠገብ ትሪውን እንደያዘች ጎንበስ ብላ መሬት ላይ የተሠራውን አየች። ክብ፣ ዋርካው ነው። ረዥም ጭረት፣ ቅርንጫፉ ነው። በመካከል ደግሞ ሁለት ትይዩ መስመሮች ነበሩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የወዳጅነት ጎዳና ይባላል። ሁለቱም መንግሥታት ዕቃቸውን ያለ ፍተሻ ያመላልሱበታል።»

«ቤቴስ?»

ኡልሪኽ ወደ ፒርስ ዞረ። ፒርስ ሣርዲኑን አየ። ሚኒስትሩ ምን እንደጠየቀች ሲተረጎምለት በቅንነት ተገረመ፤ ብትሩን አንሥቶ ከሁለቱ መስመሮች መካከል ነካ ነካ አደረገ። የአትጠገብ ቤት እዚያ ነበር። ጎዳናው ውስጥ።

«ድንኳኑ፣» አለ ኡልሪኽ ድምፁን ቀንሶ፣ «አሁንም መስኮት አለው።»

ሻዩን ለእያንዳንዳቸው አደለች፤ የስኳሩን ማንኪያ እንኳ አልሳተችም። ቤት ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ግን ትሪውን ግድግዳው ላይ ወረወረችው።

«ሲጣሉ ቤቴ፣ ሲታረቁ ቤቴ!» አለች። «ምነው፣ እነዚህ ሰዎች የሚራመዱበት ሌላ ነገር አልተፈጠረላቸውም?»

አንማው ትሪውን ከመሬት አነሣ። «ዕርቁን አላጸድቅም በያ።»

«ባለጉዳዮች ከታረቁ ዳኛ ሊከለክል አይችልም። ወጉ ነው። እምቢ ብል ፌንጣው ራሱ ይፈታቸዋል።»

«እንግዲያስ አለቀ።»

«አላለቀም። ከታረቁ ነው ያልኩህ።»

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። የወንቃ በር ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌውም አራሱም፣ ከዋርካው ዙሪያ ቆመ። ቤቷ ጎዳና ሊሆን መሆኑን ሁሉም ሰምቷል፤ ከእሷ ቤት ቀጥሎ የማን ቤት ጎዳና እንደሚሆንም ሁሉም ያሰላል። ጌቶቹ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን በተቋጠረበት በኩል ሳይቀር አራግፈው፣ እንደ ሙሽራ ተደርድረው ተቀመጡ። ፌንጣዎቹ ቋጠሮውን ለመፍታት ቀጫጭን ክንዶቻቸውን አዘጋጁ።

«ታርቃችኋል?» አለች አትጠገብ።

«ታርቀናል!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ዕርቅ ያለ ነው። እንዳጸድቀው አንድ ጊዜ ይነበብልኝ።»

ኡልሪኽ ቆሞ አነበበ። ግንዱ ለራይን ኅብረት። ቅርንጫፉ ለባሕር ማኅበር። ጎዳናው የጋራ።

አትጠገብ ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ እንደምታስታውስ ሰው ሆነች። «መልካም ነው። ግንዱ የናንተ። ቅርንጫፉ የነሱ። አንድ ነገር ብቻ፣ ለማወቅ ያህል፣ እንዲያው ፍርዱን ስሰጥ እንዳልሳሳት።»

«ይጠይቁ እመይቴ።»

«ሥሩ የማን ነው?»

ኡልሪኽ ለመተርጎም አፉን ከፈተ፤ ሳይተረጉም ቆመ። ከዚያ ተረጎመ።

ጌቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። የራይኑ ሚኒስትር፣ «ግንዱ ባለበት ሥሩ አለ፤ የታወቀ ነው፣» አለ።

«የታወቀ?» አለ የባሕሩ። «ሥሩ እኮ ወደ እኛ ነው የሚሄደው። ቅርንጫፋችንን የሚያጠጣ ሥር የእኛ ነው።»

«ሥር ቅርንጫፍ አይደለም።»

«ግንድም አይደለም!»

ከባንክ ገዢዎቹ አንዱ፣ ስለ ጭስ ብዙ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ባልደረባው ጆሮ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አለ፤ በችኮላ ስለሆነ ግን ሁሉም ሰማው፦ ሥር ከቅጠል ይልቅ እጅግ የበለጠ ጭስ ይይዛል። ክቡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ሁሉም እኩል ተነሣ፤ ቋጠሮው ሳበውና ሁሉም እኩል ወደቀ።

«ሌቦች! ለዚህ ነው ግንዱን የመረጣችሁት!»

«ማን ነው ሌባ? አንተ ሣርዲን ከፋች!»

«ሣርዲኔን መልስ!» አለ ፒርስ። ኡልሪኽም ከመጻሕፍቱ ሁሉ የከፋውን ስድብ መዝዞ «አንተ ከይሲ!» አለው። ሁለቱ አዛዦች የዘፈኑበትን አንገት ተናነቁ። አንዱ ሚኒስትር በብትሩ የሌላውን ባርኔጣ ሲመታ፣ በዚያው ብትር የተሠራው የወዳጅነት ጎዳና በስምንት ጥንድ ጫማ ተረጋግጦ ጠፋ። አያ ገበያው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ዱላቸውን ጥለው ተቀመጡ።

አትጠገብ እስኪደክማቸው ጠበቀቻቸው። ከዚያ እጇን አነሣች።

«ዕርቁ ያልተሟላ ስለሆነ አልጸደቀም። የሥሩ ነገር ይጣራ። ሥር ያለ ቁፋሮ አይታይም፤ አሁን ደግሞ ክረምት ሊገባ ነው፤ አፈሩ ይናዳል። ቀጠሮ ከመስቀል በኋላ።»

«ያገሩ ወግ ነው፣» አለ ፌንጣው። ተርቡም «ያገሩ ወግ ነው፣» አለ።

ሰዉ ተበተነ። አንማው ሚስቱን እስከ ግቢያቸው በር ሸኛት። ከኋላቸው ጭቅጭቁ በሦስት ቋንቋ ይንጫጫል። ደመና ከሸንተረሩ በላይ እየከበደ ነበር።

«መስቀልስ ደረሰ እንበል፣» አለ አንማው። «ቆፍረው ሥሩንም ተካፈሉ እንበል። ያኔስ?»

አትጠገብ ዞር ብላ ዋርካውን አየች፤ ከሥሩ የተዘረጋውን ሰፊ ጥቁር ጥላ አየች።

«ያኔ ጥላው የማን እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ፣» አለች። «ጠዋት ወዲያ ነው፤ ማታ ወዲህ።»